የጎረቤት ስልጆ

የሟች እናት የምግብ ደብተር ፍቅሯን ለልጆቿ ያስቀራል ይባላል። አያስቀርም። የእኔ እናት ደብተር ያስቀረልን ታስቦበት የተጻፈ ውሸት ነው።

እናቴ ፊደል የቆጠረችው እኛን ከወለደች በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። የልምምዱን ደብተር ስትጨርስ በሌላ ደብተር የምትሠራቸውን ምግቦች ጻፈች፤ ፊደሉ ትልልቅ ነው፣ መስመር አይጠብቅም። ከሁሉ የሚፈለገው የስልጆው ገጽ ነበር። ጾም በገባ ቁጥር የአንኮበር ሴቶች እየመጡ ይገለብጡታል፤ ወረቀቱ በጣት ብዛት ጠቁሯል። ስትሞት «ደብተሯን እንኳ ያልነፈገች» ብለው አለቀሱላት። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።

አባቴ ቄስ ናቸው። ከቀብሩ በኋላ ደብረ ብርሃን፣ እህቴ ቤት አመጣናቸው። ዘንድሮ ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ከደረቅ ዳቦ በቀር የሚወርድላቸው ጠፋ። ልብሳቸው ሰፋባቸው፤ ከወንበር ሲነሡ ግድግዳ መያዝ ጀመሩ። እህቴ ደብተሩን አወጣች። የባቄላውን ዱቄት በሱፍ ውሃ በጥብጣ አበሰለች፤ ሲቀዘቅዝ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ጨምራ፣ እንደተጻፈው አምስት ቀን ከድና አስቀመጠችው።

አባቴ አንዴ ጎረሱና ቆም አሉ።

«ይኼ የጎረቤት ነው።»

«ምን የጎረቤት ነው አባባ!» አለች እህቴ። «ከደብተሯ ነው፤ ፊደሏን ላሳይዎት?»

«ከደብተሯማ ነው። ለሰው የምታስገለብጠው እሱን አይደል? አንድ ነገር ታጎድልበት ነበር። ‹ለሁሉም ከሆነለት ማን ደጄን ይረግጣል?› ትለኝ ነበር።»

«ምኑን ነው የምታጎድለው?»

«እኔ ምን አውቄ? ቀድሼ እመጣለሁ፣ እበላለሁ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት በልተው አንድ ቀን እንኳ ‹ምን ገባበት?› አላሉም?»

«አንቺስ ብለሽ ታውቂያለሽ?»

አባቴ ሳህኑን ቀስ አድርገው ገፋ አደረጉት።

መጀመሪያ በእናቴ ተናደድኩ። በኋላ ሳስበው፣ ቤታችን የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚመጣው ለአባቴ ነበር፤ ለንስሐ፣ ለፍታት፣ ለጠበል። እናቴን ፈልጎ ይመጣ የነበረው ለስልጆ ብቻ ነው። የገለበጡት ሴቶች ሳምንት ሳይሞላ «አልሆነልኝም፣ ምን አጥፍቼ ነው?» እያሉ ይመለሳሉ። እሷም ወንበር ታቀርብላቸዋለች፤ ወሬው እስኪመሽ ይቀጥላል። ምስጢሩን ግን አትነግራቸውም። እኛ እየጣፈጠን በልተን እንነሣ ነበር። የጣፈጠው ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል?

እህቴ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሞክራለች፤ አንዴ ጤና አዳም፣ አንዴ ዝንጅብል ጨምራ። አባቴ ለይሉኝታ ይቀምሱና «ደህና ነው» ብለው እጃቸውን ይታጠባሉ። ሰውነታቸው በየሳምንቱ እየቀነሰ ነው። ፋሲካ ገና ሩቅ ነው።

እናቴ ስልጆውን ልትከድን ስትል እኛን ልጆቿን ውሃ ቅዱ ብላ ትልከን ነበር። ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። እንግዲህ የዚያ ሰፈር ሴት፣ በበሩ ስንጥቅ አጮልቀሽ ያየሽ ካለሽ፣ ስለ ደግነቷ የምትዪውን ተዪውና ምን እንደጨመረች ንገሪኝ። ቶሎ ንገሪኝ።