አባቴ መድኃኒቱን የተወለት የኒካህ ቀን

ባለፈው ሳምንት ከፈረስ መጋላ አለፍ ብሎ ካለው ክሊኒክ ስወጣ አዲስ ኪኒን ይዤ ነበር። የስኳር፣ የደም ግፊትና የኮሌስትሮል ድሮም ነበረኝ፤ አሁን ደግሞ ለእግሬ መደንዘዝ ተጨመረልኝ። ሐኪሙ በዕድሜ ልጄ የሚሆን ጨዋ ሰው ነው። «እናቴ፣ ከመድኃኒቶቹ የሚያስቸግርዎ አለ?» ሲለኝ «አልሐምዱሊላህ፣ ምንም» ብዬው ወጣሁ። ውሸቴን ነው። አንዱ አፌን ብረት ብረት እንዲለኝ አድርጎታል፤ ሌላው ከተቀመጥኩበት ስነሳ ያዞረኛል። ግን በአፍ ጣዕም ማን ያማርራል እያልኩ ወደ ቤቴ ቁልቁል ስወርድ፣ አባቴ ትዝ አለኝና አንዱ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆምኩ።

አባቴ ሐጂ ሙሜ ኤረር በር አጠገብ የለውዝ ነጋዴ ነበር። ለውዙ ከባቢሌ በጆንያ ይመጣለታል። ቤታችን ከበሩ ትንሽ ገባ ብሎ ጀጎል ግንብ ውስጥ ስለነበር፣ ጠዋት ጠዋት የሚቆላው ለውዝ ሽታ ግቢያችን ድረስ ይገባል። ሰው ሲጣላ የሚጠራው እሱ ነው፤ ለቅሶ ቤት ፊት የሚቀመጠውም እሱ። ሲስቅ ሦስተኛው ቤት ይሰማል።

ልቡ መድከም ሲጀምር መድኃኒቱ ከየአቅጣጫው መጣ። ከሐኪም ቤት የተሰጠው አለ። ድሬዳዋ ወርዶ ሌላ ሐኪም ያዘዘለት አለ። ለጉልበቱ ቁርጥማት ደግሞ አንድ ዘመድ ከጅጅጋ የሚልክለት ቀይ ኪኒን ነበር። አንዱ ሐኪም ሌላው የሰጠውን አያውቅም፤ አባቴም አይነግራቸውም፤ ሐኪምን ለሐኪም ማማት ይመስለው ነበር። እናቴ ከየምግቡ በኋላ በሳህን ደርድራ ታቀርብለታለች፤ ሳይውጥ ከፊቱ አትነሳም።

እየዋጠም ሰውየው እያነሰ ሄደ። ሱቁ ውስጥ ሚዛን እንደያዘ ያንቀላፋል። ነፍሱን የሚሰጥለት የአብሽ መረቅ፣ ሁልበቱ፣ አልጣፍጥ አለው። ከሁሉም የገረመን መስጊድ መተዉ ነበር። አዛን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቤት ውስጥ ይሰግዳል። ዕድሜ ነው አልን፤ ዕድሜ ስንል ደግሞ መጠየቅ ተውን።

ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነስሩ ከሚባል ልብስ ሰፊ ጋር የእኔን ኒካህ ሊያስሩ ቀን ተቆረጠ። በኒካሁ ዕለት ጠዋት ለአባቴ የቡና ቅጠል ሻይ፣ ሆጃ፣ ይዤለት ስገባ፣ አዲሱን ጫማውን ለማጥለቅ ሲታገል አገኘሁት። እግሩ አብጧል። ተንበርክኬ ላግዘው ስይዘው የጣቴ ቦታ እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ቀረ።

«አባ፣ መድኃኒትህን እየወሰድክ ነው?»

«በሩን ዝጊው» አለኝ። ዘጋሁት።

«ሳምንት ሊሆነኝ ነው ከተውኩት። እናትሽ ዞር ስትል ወደ ኪሴ ይገባል።»

«ለምን?»

ለመመለስ ትንፋሹን መሰብሰብ ነበረበት። «ያ ሽንት የሚያመጣው ኪኒን አንድ ሰላት አያስጨርሰኝም። አንድ ጁምዓ ከሰጋጆቹ ሰፍ መሐል ወጥቼ ስሮጥ አልደረስኩም። ሰው አየ። ሌላው ደግሞ እንደ ሕፃን ያስተኛኛል። ዛሬ የነስሩን እጅ ይዤ ‹ልጄን ድሬልሃለሁ› የምለው እኔ ነኝ። እንዴት ሆኜ ልበለው? ልብሴን አበላሽቼ?»

እጄን ያዘ። «ለማንም እንዳትነግሪ። ወላሂ በይ።»

«አልምልም፣ አባ።»

«እንግዲያው ዝም በይ።»

ሴቶቹ መጥተው ወሰዱኝ። በግቢው ማዶ ባለው የጎረቤት ቤት አስቀምጠው ያለብሱኝ ጀመር። እናቴን አስጠራሁ፤ ሩዙ እሳት ላይ ነው፣ ሙሽራን ሆድ ይብሳታልና አጫውቷት ብላ ላከችብኝ። የሙሽራው ወገኖች ገቡ፤ ከበሮው ተመታ። እኔ የምሰማው ከከበሮው ሥር የሚመጣውን የአባቴን ሳል ብቻ ነበር። መጀመሪያ አልፎ አልፎ ነበር። ቆይቶ ማቋረጡን ተወ። የአንዷን ቀልድ ሰምቼ እንደ መሳቅ አልኩና እንባዬ መጣ።

አጎቴ ከሁለት ምስክሮች ጋር በሩ ላይ ቆመ። «ልጄ፣ አባትሽ ለነስሩ ሊድርሽ ነው። ፈቅደሻል ወይ?» አለኝ። ባገራችን ልጃገረድ በዚህ ጊዜ አንገቷን ደፍታ ዝም ትላለች፤ ዝምታዋ ፈቃዷ ነው። ዝም ካልኩ ሁሉም ይፈጸማል፤ አባቴም እዚያ መደብ ላይ እንደተቀመጠ ይቆያል። ግብዣው ሰዓታት ይወስዳል።

«አልፈቀድኩም» አልኩ።

ከበሮዋን የያዘችው ሴት እጇ አየር ላይ ቀረ። አጎቴ የሰማውን ያላመነ መሰለ። «ምን አልሽ?»

«ነስሩን ጠልቼ አይደለም። አባቴ መድኃኒቱን ትቷል፤ መተንፈስ አቅቶታል። ሐኪም ሳያየው አልፈቅድም።»

ወሬው ግቢውን ሲያቋርጥ ተለወጠ፤ ማዶ የደረሰው «ሙሽራዋ እንቢ አለች» የሚለው ብቻ ነበር። ጩኸት ተነሳ። «ሌላ ሰው አላት ማለት ነው!» ያለው የነስሩ ታላቅ ወንድም ነበር። ሻሼን ራሴ ላይ ጣል አድርጌ በሴቶቹ መሐል ጥሼ ወጣሁ። አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጧል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። ሲያየኝ «አዋረድሽኝ» አለ፤ ቃሉን ለመጨረስ ሁለት ጊዜ ተነፈሰ።

ነስሩ አንዴ እኔን፣ አንዴ የአባቴን ከንፈር አየ። ምንም አልጠየቀኝም። ኮቱን አውልቆ አጎነበሰና «ሐጂ፣ ይታዘሉ» አለ። መኪና ወደኛ መንገድ አይገባም፤ በእነዚያ ጠባብ የድንጋይ መተላለፊያዎች ሙሽራው አማቹን አዝሎ እስከ ኤረር በር ሮጠ። የአባቴ ጥምጣም ተፈትቶ ድንጋዩ ላይ ሲጎተት እኔ ከኋላ እየሰበሰብኩ ተከተልኩ። ሰው ከየደጁ ወጥቶ ያየናል። አባቴ በነስሩ ጀርባ ላይ ሆኖ ዓይኑን ጨፍኗል።

ከበሩ በመኪና ሐኪም ቤት ስናደርሰው ኦክስጅን አደረጉለት፣ መርፌ ወጉት። አመሻሽ ላይ ትንፋሹ ሲረጋ ያከመችው ሐኪም እናቴ ያመጣችውን የመድኃኒት ከረጢት ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። አንድ በአንድ እያነሳች ከየት እንደመጣ ጠየቀች። ከዚያ ሁላችንንም አስወጣችን። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ቀረሁ።

«ሐጂ፣ እነዚህን ሲወስዱ ምን ማድረግ ያቅትዎታል?»

የአባቴ ድምፅ ሲሰበር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። «መኖር አልጠላሁም፣ ዶክተር። ከሰው መሐል መቀመጥ ነው ያቃተኝ።» መስጊዱን ነገራት። ልብሱን ነገራት። እናቴ እንኳ የማታውቀውን ነገራት።

ሐኪሟ እንደደረሰችበት፣ ያ ቀይ የቁርጥማት ኪኒን ነበር ሰውነቱን ውሃ የሚያሲዘው፤ ያን ውሃ ለማስወጣት ነበር የሽንቱ ኪኒን የተጨመረው። የድሬዳዋውና የሐኪም ቤቱ የግፊት መድኃኒት ስማቸው ይለያይ እንጂ ሥራቸው አንድ ነበር፤ ሲደራረቡ ነበር የሚያስተኙት። ቀዩንና ከሁለቱ የግፊት መድኃኒቶች አንዱን አስቆመችው። የሽንቱን ግን መተው አይችሉም አለችው፤ መጠኑን ቀንሳ፣ ከጁምዓ ሲመለስ የሚውጥበትን መንገድ አበጀችለት። ልቡ አልዳነም፤ ደረጃ ሲወጣ እስከ መጨረሻው ያርፍ ነበር። እንቅልፉና ውርደቱ ግን ቀነሱለት።

ያን ረመዳን በሙሉ አኮረፈኝ። ሐኪሟ እንዳይጾም ከልክላው ነበርና ብስጭቱ ሁሉ በእኔ ላይ ወረደ። በዒድ ማግስት ኒካሁ እንደገና ተያዘ። አጎቴ በሩ ላይ ቆሞ ሲጠይቀኝ አንገቴን ደፋሁ።

«የለም የለም፣ አንቺ ተናገሪ፤ የአንቺን ዝምታ አላምንም» አለ። ሴቶቹ ሳቁ። «ፈቅጃለሁ» አልኩ፤ ማዶ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ። አባቴ የነስሩን እጅ ይዞ ቃሉን ሲናገር ግን ሰው ሁሉ ሳቁን አቁሞ ሰማው። ስለዚያ ቀን ከኔ ጋር አንስቶ አያውቅም፤ ከሞተ በኋላ ነስሩ እንደነገረኝ ለእሱ ግን አንድ ጊዜ «እሷን ስታገባ ዝም የምትል እንዳይመስልህ» ብሎት ነበር።

አባቴን ሁላችንም «ዋጥክ?» እንለው ነበር። ሲውጥ እንዴት እንደሚውል የጠየቀው አልነበረም፤ እሱም ከመናገር መሞት ቀሎት ነበር። እኔ ደግሞ ተጠይቄ ዋሸሁ። ዛሬ ጠዋት ክሊኒኩ ተመልሼ ገባሁ። ሐኪሙ ደነገጠ፤ ቀጠሮዬ ገና ነው።

«አመመዎት፣ እናቴ?»

«የለም» አልኩና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። «የዛን ዕለት የጠየቅከኝን ልመልስልህ ነው የመጣሁት።»