ለሁለት ጨዋታ ሦስት ሽማግሌ

ሰው በመሬት ይጣላል፣ በውርስ ይጣላል፣ በሴት ይጣላል። እኔና ጓደኛዬ የተጣላነው በአንድ የኮምፒውተር ጨዋታና ከዓመታት በኋላ በዚያው ስም ቁጥር ሁለት ተጨምሮበት በወጣው ተከታዩ ምክንያት ነው። ስንጫወት ተጣላን ብል ትንሽ ያምርብኝ ነበር። እኛ ግን ሌላ ሰው ሲጫወት ነው የምናየው። ሁለት ለአቅመ ጋብቻ የደረሱ ወንዶች፣ ኮሪያ ውስጥ የማያውቋቸው ሰዎች በተጫወቱት ጨዋታ፣ ሊደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተጣልተው ለአራት ሳምንት ተኮራረፉ።

ነገሩን የሚያከብደው ሰርጌ ለዳግማይ ትንሣኤ መቆረጡና አንደኛ ሚዜዬ እሱ መሆኑ ነው። ሁለተኛና ሦስተኛ ሚዜ ሊተካ ይችላል። እሱን ግን የምተካበት ሰው አልነበረኝም፤ አብነት ሰፈር አብረን ከተማርንበት ጊዜ ጀምሮ ከእሱ የተሻለ ሰው አላገኘሁም፤ ፈልጌም አላውቅም።

ጨዋታው ጦርነት ነው። ሁለት ሰዎች ጥቂት ሠራተኞች ይዘው ባዶ መሬት ላይ ይጀምራሉ፤ ማዕድን ያስቆፍራሉ፣ ቤት ያስገነባሉ፣ ወታደር ያሠለጥናሉ፣ በመጨረሻ አንዱ የሌላውን ቤት ያፈርሳል። ኮሪያ ውስጥ ይህ ሥራ ነው። ተጫዋቹ ደመወዝ አለው፣ ደጋፊ አለው፣ ሲሸነፍም ያለቅሳል። ደግነቱ ኮሪያ ሲመሽ ሊደታ ምሳ ሰዓት ነው። እሁድ እሁድ ጓደኛዬ ከአብነት በእግሩ ይመጣል፣ ምሳ ይቀርባል፣ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል፣ ክርክሩም ይጀመራል።

እኔ የአሮጌው ሰው ነኝ። በአሮጌው ጨዋታ ሠራተኛው ካልታዘዘ ቆሞ ይውላል፤ ለእያንዳንዱ «ሂድ ቆፍር» መባል አለበት። በአንድ ትእዛዝ የሚንቀሳቀሰው አሥራ ሁለት ወታደር ብቻ ነው፤ መቶ ወታደር ያለው ሰው ዘጠኝ ጊዜ ያዛል። ወታደሮቹም ብልህ አይደሉም፤ ጠባብ መውጫ ላይ ሲደርሱ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ላይ እንደተፋጠጡ ሚኒባሶች ‹እኔ ልለፍ፣ እኔ ልለፍ› ይባባላሉ። ደስ የሚለውም ይህ ነው። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ሞኝ በሁለት እጁ ሲያስተዳድር ስታይ፣ የምታየው ወታደሩን ሳይሆን ሰውየውን ነው። ውጊያው ደግሞ አይቸኩልም። እዚህ የተሸነፈው እዚያ ያሸንፋል፤ አንተ ቆርሰህ፣ ጠቅልለህ፣ ጎርሰህ ቀና ስትል ጦርነቱ ይጠብቅሃል።

አዲሱ ያምራል፤ አልክድም። ሠራተኛው ሥራውን ራሱ ያውቃል። ጦሩ በሙሉ በአንድ ቁልፍ ይሰበሰባል፣ ተጠጋግቶ እንደ ኳስ ይንከባለላል፣ ኳስ ከኳስ ይጋጫል፣ አንደኛው ይጠፋል። ስንት ደቂቃ ሲደገስለት የቆየው ነገር ምራቅህን ሳትውጥ ያልቃል። ለእኔ ይህ ሰርግ ቤት ደርሶ ምግቡ ተነስቷል እንደመባል ነው።

ጓደኛዬ በዚህ አይስማማም። «አሮጌው የመጀመሪያውን አምስት ደቂቃ ምንም የለበትም፤ ጉንዳን ሲቆፍር ለማየት ግቢ መውረድ ይበቃል» ይላል። አዲሱ ላይ የተሳሳተ ወዲያው ይቀጣል፤ ብልጠት ወዲያው ይታያል። «አሮጌው ላይ ሰው የሚሸነፈው ሐሳብ አጥቶ አይደለም፤ ጣቱ ስለማይደርስ ነው» ይላል። ይህን የመጨረሻውን ደጋግሞ ይለው ነበር። እኔም እንደማንኛውም የክርክር ነጥብ ሰምቼ መልስ እሰጥበት ነበር።

የተጣላነው የቅበላ እሁድ ነው። በማግስቱ ሁዳዴ ስለሚገባ ሸክላ ጥብስ ቀርቦ ነበር። ተራው የአዲሱ ጨዋታ ነበረ፤ የፍጻሜ ግጥሚያ። ሁለቱ ጦሮች ለሩብ ሰዓት ያህል ሲፈራሩ ቆዩ። ጓደኛዬ ከሸክላው ላይ አንድ ቁራጭ ለመምረጥ ጎንበስ አለ፤ ቀና ሲል አልቋል። ሳቅሁ፤ በደንብ ነው የሳቅሁት። እሱም «አንተ ደግሞ ያልደከመ ሰው ማድነቅ አትችልም፣ ነገር ካልተንቀረፈፈ አይገባህም» አለኝ። እኔ «አዲሱኮ ለሰነፍ እጅ የተሠራ ጨዋታ ነው» አልኩት።

የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠ። ተነስቶ እጁን ታጠበ፣ ጃኬቱን ለበሰ፣ ወጣ። በማግስቱ ሥጋ ለሃምሳ አምስት ቀን የሚሰናበት ሰው፣ የሚንጫጫ ጥብስ ትቶ ሄደ። በእኛ አገር ማዕድ ረግጦ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። እኔ ግን ያን ጊዜ የተረዳሁት ክርክሩን እንዳሸነፍኩ ነበር። ጥብሱንም ጨረስኩት።

የመጀመሪያውን ሳምንት ይደውላል ብዬ ጠበቅሁ። በሁለተኛው እሱ ነው የበደለኝ አልኩ። በሦስተኛው እሁድ ሽሮዬን ይዤ ብቻዬን ተቀመጥኩና አሮጌውን ከፈትኩ። እጅግ የሚያምር ግጥሚያ ነበር፤ የሚያጣጥልብኝ ሰው ግን አልነበረም። ናፈቀኝ። ፈራሁም፤ ሙሽራ ሆኜ በስተቀኜ ሌላ ሰው ሲቆም ታየኝ።

እጮኛዬ ሚዜዎቹ ለሱፍ እንዲለኩ ስትጠይቅ ነገሩ ወጣ። ምክንያቱን ነገርኳት። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና «በእናትህ ይህን ለእናቴ እንዳትነግራት» አለችኝ። ቀጥላም ሽማግሌ ላከች።

ከሦስቱ ሽማግሌዎች ሁለቱ እሷን ለእኔ ሊጠይቁ ሄደው የነበሩት ናቸው። አንደኛው የእድራችን ሊቀመንበር፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጡ፣ ያለ ደብተር የማይቀመጡ ሰው ናቸው። ሁለተኛው ተክለ ሃይማኖት ሸራ ይነግዳሉ። ሦስተኛዋ እኔና ጓደኛዬ በልጅነታችን ጨዋታውን የተማርንበትን የአብነት ኮምፒውተር ቤት ያስተዳድሩ የነበሩ ሴት ናቸው፤ እትዬ ነው የምንላቸው። የደብረ ዘይት እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቤቴ መጡ። ጓደኛዬም መጣ። ሰላም ያለው ሽማግሌዎቹን ብቻ ነው።

ሊቀመንበሩ ደብተራቸውን ገለጡ።

«የጠቡ ምክንያት?»

«ጨዋታ ነው ጋሼ።»

«ካርታ?»

«የኮምፒውተር።»

«ተጫውታችሁ ማን አሸነፈ?»

«አልተጫወትንም። ስናይ ነው።»

እስክሪብቷቸውን ትንሽ አየር ላይ አቆዩና «ስናይ» ብለው ጻፉ። ከዚያ ‹ቃልህን ስጥ› አሉኝ። ቆሜ ሰጠሁ። የጥብሱን ነገር በዝርዝር አስረዳሁ፤ ማዕድ መረገጡን ሁለት ጊዜ ተናገርኩ። ‹አንተስ ምን ብለኸው ነበር?› ሲሉኝ ሳላቅማማ «አዲሱ ለሰነፍ እጅ የተሠራ ጨዋታ ነው ብያለሁ፤ ይህም እውነት ነው» አልኩ። ጻፉት። ጓደኛዬን ሲጠይቁት ግራ እጁን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ እንዳደረገ «እኔ የምለው የለኝም» አለ።

«ያላየነውን ነገር አንዳኝም» አሉ ሊቀመንበሩ። «ሁለቱንም አሳየን።»

ይህ እንደሚመጣ ገምቼ፣ ኔትወርክ እንዳያዋርደኝ ከሁለቱም አንዳንድ ግጥሚያ አውርጄ ነበር። መጀመሪያ አሮጌውን ከፈትኩ።

«ይሄኛው ለምን ቆመ?» አሉ የሸራ ነጋዴው።

«አልታዘዘም።»

«ራሱ አያውቅም?»

«አያውቅም።»

«እኔ ሠላሳ ዓመት የሠራሁት እንዲህ ያለ ቤት ነው» አሉ ሊቀመንበሩ፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ።

የሸራ ነጋዴው በአራተኛው ደቂቃ አንቀላፉ። በዘጠነኛው ውጊያው ሲጀመር ነቁ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው ነፍሳት የሚመስሉ ወታደሮች ያሉትን ወገን ያዙ። ነፍሳቱ በአንድ በኩል ሲያልቁ በሌላ በኩል ገብተው የጠላትን ማዕድን ሲያወድሙ ከመቀመጫቸው ተነሱ። «አይዞህ! አይዞህ በለው!» ይሉ ነበር። ጎረቤት እግር ኳስ ያለ መስሎት ይሆናል።

ቀጥሎ አዲሱን ከፈትኩ። ሁለቱ ጦሮች ሲጠጋጉ የሸራ ነጋዴው መነጽራቸውን ለመወልወል አወለቁ።

«ምን ሆነ?» አሉ መልሰው ሲያጠልቁ።

«አለቀ።»

«ምኑ?»

«ጦርነቱ።»

«ማን ሞተ?»

«ሁሉም።»

እንዲደገምላቸው ጠየቁ። ሦስት ጊዜ ደገምንላቸው፤ በሦስተኛውም የት ላይ እንደሆነ አላገኙትም። እትዬ ግን አዲሱን ወደዱት። «እዚህ ማን ምን እንዳለው ከላይ ተጽፎልኛል፤ እያንዳንዱም በቀለሙ ይለያል። ያኛው ጭቃ ነው» አሉ። ሊቀመንበሩ ለአሮጌው እንደሚያደሉ ተናገሩ። ሁለት ለአንድ! ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። የተሰበሰብንበትን ነገር ረስቼ ጓደኛዬን እንደ ድሮው ልሳለቅበት ዞርኩ። እሱ ቴሌቪዥኑን አልነበረም የሚያየው።

የሸራ ነጋዴው ደማቸው ሞቋል። «እንዲያውም ራሳችሁ ተጫወቱና እንይ! አሮጌውን!»

እኔ ላፕቶፔን ለማምጣት ተነስቼ ነበር። «እሱ እኮ የአብነት አንደኛ ነበር» አልኩ፤ በቅን ልብ ነው ያልኩት።

«ተው ልጄ» አሉ እትዬ በቀስታ።

ጓደኛዬ ግራ እጁን ከኪሱ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሁለት ጣቶቹ እንደተዘረጉ የቀሩ፣ የማይታጠፉ ናቸው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ አባቱ አብነት በር እና መስኮት የሚሠሩበት ብረታ ብረት ቤት ውስጥ እጁን በመቁረጫው ተጎዳ። አላወቅሁም ማለት አልችልም፤ እጁን በሸሚዜ ጠቅልዬ ሆስፒታል የወሰድኩት እኔ ነኝ። አሮጌው ጨዋታ ቀኝ እጅን ለማውስ፣ ግራ እጅን ለኪቦርድ ይፈልጋል፤ የግራው ጣቶች ካልሮጡ ሠራተኛውም ወታደሩም ቆሞ ይቀራል። ከዚያ በኋላ መጫወት ተወ። ‹ሰለቸኝ› አለኝ። አመንኩት፤ ለእኔም አብሮኝ የሚያይ ጓደኛ ተገኘ። አዲሱ ሲወጣ ጦሩን በአንድ ቁልፍ መያዝ እንደሚቻል ሲያውቅ እቤቱ ብቻውን ይሞክረው እንደነበር እንኳ ያወቅሁት አሁን፣ ከእትዬ ነው።

ሊቀመንበሩ ደብተራቸውን አንድ ገጽ ወደኋላ መለሱ። ቃለ ጉባኤ በሚነበብበት ድምፅ አነበቡ።

«አዲሱ ለሰነፍ እጅ የተሠራ ጨዋታ ነው። ብለሃል?»

«ብያለሁ ጋሼ።»

«ይህም እውነት ነው። ብለሃል?»

አፈርኩ። እንደዚያ ያፈርኩበትን ሌላ ቀን አላስታውስም። ጉልበቱ ላይ ልወድቅ ስሄድ ሳልደርስ ብብቴን ይዞ አነሳኝ። ‹ይቅር ለእግዜር› አስባሉን፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን፣ የሸራ ነጋዴው መረቁን። የማዕዱን ነገር ማንም አላነሳውም፤ እኔም አላስታወስኳቸውም። ሽሮ በላን። ሊቀመንበሩ ‹በሰላም ተጠናቀቀ› ብለው ጻፉና ሁላችንንም አስፈረሙን።

ሽማግሌዎቹን ታክሲ አሳፍረን ስንመለስ ደረጃው ሥር ቆመ።

«ሚዜነቱን አትስጋ፤ ነገ ሄጄ እለካለሁ» አለኝ። «ግን በስድቡ አይደለም የሄድኩት። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እጄን ነው። ታክሲ ውስጥ ያያሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ያያሉ፣ እናቴ እንኳ ሳልነግራት እንጀራ ትቆርስልኛለች። የማታይ አንተ ብቻ ነበርክ። ‹ሰነፍ እጅ› አፍህ ላይ ሲመጣ፣ ለካ ይህን ሁሉ ዓመት ሲያየው ኖሯል ብዬ ነው።»

«አላየሁትም ነበር» አልኩት።

«ዛሬ ገባኝ» አለኝ። «ላፕቶፕ ልታመጣ ስትነሳ ፊትህን አይቼዋለሁ፤ እጄ ትዝ አላለህም ነበር።»

ሰርጉ ደረሰ፤ በስተቀኜ እሱ ቆመ። ከሰርጉ በኋላም እሁድ እሁድ ይመጣል፤ አንድ ሳምንት አሮጌውን፣ አንድ ሳምንት አዲሱን እናያለን፤ ያጣጥልብኛል፣ አጣጥልበታለሁ። ሲበላ ግራ እጁን እንደ ድሮው ጠረጴዛው ላይ ያደርጋል። ያን ጊዜ እኔ ቴሌቪዥኑ ላይ አፈጥጣለሁ። እሱም ጨዋታውን ለአፍታ ይተውና፣ ላለማየት ስታገል ያየኛል።