ኤዶ ሮዳ የመለሰችው ወተት

ሐሙስ፣ ከንጋቱ 11፡30፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ግመል አርቢዎቹ መንደር ጀልዴሳ የምንሄደው አጭር ፊልም ልንቀርጽ ነው። ሦስት ነን፦ ካሜራ የሚይዘው ሚኪ፣ ድምፅ የምትቀዳው ሂንዲያ፣ ድርሰቱን የጻፍኩትና የማዘጋጀው፣ አልበቃ ብሎኝም የምተውነው እኔ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ከገባሁበት የፊልም ኮርስ ሦስት ፊልም ጀምሬ ሦስቱንም ትቻለሁ። ቶሎ ይሰለቸኛል፣ አልዋሽም። አስተማሪያችን ካሜራውን ሲሰጠን፣ «ቤቲ፣ ቅዳሜ አራት ሰዓት ያለቀ ፊልም ካላመጣሽ ከእንግዲህ አታዘጋጂም። የሌላ ሰው መብራት ትይዣለሽ» ብሎኛል።

ድርሰቴ አባቷ ሊሸጣት ያሰባትን ግመል ለመጨረሻ ጊዜ ስለምታልብ ልጅ ነው። ልጅቷ እኔ ነኝ። ጓሯችን ውስጥ ጀሪካን ሰቅዬ ሁለት ሳምንት ማለብ ተለማምጃለሁ።

በሰው መቶ ሃምሳ ብር ከፍለን ወተት ሊጭን ባዶውን በሚመለስ ፒክአፕ ኋላ ተሳፈርን። ሚኪ ካሜራውን በአባቱ ሽርጥ ጠቅልሎ አቅፎታል። ከተማው እንዳለቀ አስፋልቱም አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ አሸዋማ ደረቅ ወንዝ፣ ግራር፣ አቧራ። አንድ ቦታ ግመሎች መንገዱን ሞልተው ሲሻገሩ ሾፌሩ ሞተር አጥፍቶ ጠበቀ።

«ክላክስ አድርግላቸዋ!» አልኩት።

«አቦ ትደነግጥና ወተቷን ትይዛለች» አለ። ድሬ ውስጥ ሾፌር ለሰው እንዲህ ሲታገሥ አይቼ አላውቅም።

1፡00፣ ጀልዴሳ

የተቀበለችን ኤዶ ሮዳ ናት። ኤዶ አክስት እንደማለት ነው። ቀፊራ ገበያ ለቤታችን የግመል ወተት የምትሸጥልን እሷ ናት፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ። ላሆህ፣ ያ እንጀራ የሚመስለው ስስ ቂጣ፣ በዘይትና በስኳር አቀረበችልን፤ የግመል ወተት የገባበት ሻይም አስከተለች። ሦስት ላሆህ በልቼ ተነሳሁ።

«የቷን ግመል ነው የማልበው?»

ሻዩ ትን አላት። «ማ? አንቺ?»

«እኔ ነኛ። ፊልሙ ላይ።»

«ናያ፣ አንቺ ልጅ፣ እኔ ራሴ ግመል አልቤ አላውቅም። በእኛ ግመል የሚያልበው ወንድ ነው። ሴት ፍየል ታልባለች።»

የባሏ ወንድም ዳሂር ከበሩ ላይ ሳቀ። «ተዪያት ትሞክር! ከረገጠቻት ያለ ሒሳብ ድሬ ትደርሳለች።»

ሂንዲያ ማይክ ያሰረችበትን የመወልወያ እንጨት ጥላ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለች። እኔ ፊቴ ጋለ። ዕድሜ ልኬን የጠጣሁት ወተት ነው፤ ሻጯ ሴት ስለሆነች አላቢዋም ሴት ትመስለኝ ነበር። ማንንም አልጠየቅኩም።

«እንመለስ?» አለ ሚኪ ቀስ ብሎ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እግሬ መኪናው ወደቆመበት መራመድ ጀምሮ ነበር።

ግን ወንዶቹ ማለብ ጀመሩ፤ ቆሜ ቀረሁ። ዳሂር በአንድ እግሩ ቆሞ፣ ሌላውን አጥፎ ጉልበቱ ላይ አሳርፎ፣ ዕቃውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በሁለት እጁ ያልባል። አይንቀጠቀጥም። የታለበው ሁሉ ወደ ኤዶ ሮዳ መጣ፤ የጎረቤቶቿም ጭምር። እሷ ክዳን ትከፍታለች፣ ታሸታለች፣ መዳፏ ላይ ጠብታ አድርጋ ትቀምሳለች፣ ከዚያ ትልቁ ጀሪካን ውስጥ ትገለብጣለች። የማን ግመል እንደሆነች፣ ምን እንደበላች ሳትጠይቅ ትናገራለች። አፌን ከፍቼ አየሁ።

«ኤዶ፣ አንቺን ልቅረጽሽ?»

«እኔ ምን አደርጋለሁ?»

«የምትሠሪውን።»

«ሀዬ። ግን መኪናው አይጠብቀኝም፣ እኔም አልጠብቃችሁም።»

አልጠበቀችንም። ሚኪ ተንበርክኮ እየተከተለ ቀረጻት። የዳሂር ተራ ሲደርስ ክዳኑን ከፈተች፣ አሸተተች። እንደገና፣ ቀስ ብላ አሸተተች። ከደነችና ወደ ጎን አደረገችው።

«ምነው?» አለ ዳሂር።

«የትናንቱ ገብቶበታል።»

«ትንሽ እኮ ነው።»

«ትንሹ ነው ሁሉን የሚያበላሸው። ቤት ጠጡት።»

ጎረቤት ሁሉ ቆሞ ያያል። እኔ በሱ ቦታ ብሆን እጮህ ነበር። «ተጣላችሁ ማለት ነው?» አልኩት።

«ለምን? የመለሰችው ወተቱን ነው። እኔንማ ምሳ ትጠራኛለች» አለና ዕቃውን ይዞ ሄደ።

4፡30፣ ቀፊራ

በዚያው ፒክአፕ ከጀሪካኖቹ መሀል ተጨናንቀን ተመለስን። ኤዶ ሮዳ ተራዋ ላይ ተቀመጠች፣ ደንበኞቿ መጡ። ሁሉም ዕቃቸውን ያቀብላሉ፣ ተቀብለው ይሄዳሉ። አንድም የሚያሸት የለም። እሷ አሽታላቸዋለች። ቤቴ የገባሁት ፀጉሬ አቧራ፣ ልብሴ ወተት ወተት እየሸተተ ነው፤ እናቴ በር ላይ ጫማዬን አስወለቀችኝ።

ዓርብ ሙሉ ቀን ሚኪ ቤት አቀናበርን። ስድስት ደቂቃ ወጣው። እኔ አንድም ቦታ የለሁም፤ አላናደደኝም፣ ራሴም ገርሞኛል።

ቅዳሜ፣ 2፡30

ሳላስረክብ ላሳያት ብዬ ስልኬን ይዤ ቀፊራ ሄድኩ። ኤዶ ሮዳ ራሷን ስታይ በሻሿ ጫፍ አፏን ይዛ ሳቀች። የዳሂር ቦታ ሲደርስ ግን ሳቋ ቆመ።

«ማሽተቴ የታለ?»

«ይረዝማል ብዬ ቆረጥኩት።»

«ታዲያ ሳላሸት መለስኩበት? ዳሂርን በሰው ፊት አዋረድኩት? ወላሂ ይሄ እኔ አይደለሁም። አጥፊው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እከራከር ነበር፤ አዘጋጇ እኔ ነኝ እል ነበር። ያለቀ ፊልም ኪሴ ውስጥ አለ፣ አስተማሪው ልዩነቱን አያውቅም፣ ዳሂር ግን ያውቃል። ባጃጅ ይዤ ሚኪ ጋ በረርኩ። የቆረጥኳትን አሥራ አንድ ሰከንድ መለስናት። የሚኪ ኮምፒውተር ደግሞ እንደ ጋሪ ነው የሚሄደው።

አስተማሪያችን ጋ የደረስነው አራት ከሃያ ላይ ነው። ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየኝ።

«አርፍደሻል።»

«አዎ። ባላረፍድ ውሸት ነበር የማመጣልህ» አልኩና የሆነውን ነገርኩት።

ፊልሙን ከፈተ። ኤዶ ሮዳ ለሁለተኛ ጊዜ ስታሸት ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ። ሲያልቅ እንደገና ከመጀመሪያው አየው። ከዚያ ካሜራውን ከሚኪ ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወደ ክፍሉ ተማሪዎች ዞረ።

«ሰኞ ይህን ካሜራ ማን ይወስዳል?»

እጄን አወጣሁ።

«ምን ልትሠሪበት?» አለና ካሜራውን ወደ እኔ ገፋው።

«ገና አላውቅም» አልኩ። «መጀመሪያ ሄጄ ልጠይቅ።»