ሁለት «ሰርዝ»

ኮምፒውተር አማርኛ አይችልም ይባላል። ይችላል። የማንችለው እኛ ነን።

ጊንጆ ጉዱሩ በሚባል ሰፈር ፕሮግራም የሚጽፍ ወዳጅ አለኝ። ማንም በነፃ ወስዶ እንደፈለገው የሚያሻሽለው፣ መረጃ በሰንጠረዥ የሚያስቀምጥ ዳታቤዝ አለ፤ ችግሩ፣ ለማዘዝ የራሱን ቋንቋ መማር ግድ ነው። እኛ የፈለግነው ሰው በስልኩ ድረ ገጽ ከፍቶ ሰንጠረዡን እንዲያይ፣ እንዲጨምር፣ እንዲያርም ነበር። እሱ ኮዱን፣ እኔ አማርኛውን ያዝን። መጨረሻ ላይ ግን ቸኮለና የማረጋገጫ ጥያቄዎቹንና ቁልፎቻቸውን በጎ ፈቃደኞች ተርጉመው ኢንተርኔት ላይ ካኖሩት የጋራ የቃላት ክምችት እንዳሉ አነሳቸው። «አንተ አንድ ቃል ላይ ሳምንት ትተኛለህ» አለኝ።

የመጀመሪያው ተጠቃሚ ደዶ ወረዳ የቡና ችግኝ ጣቢያ የሚመሩ፣ ሐጂ እያልን የምንጠራቸው አዛውንት ነበሩ። ክረምቱን ሙሉ ከዛፍ ዛፍ ዞረው፣ በሽታ ፍሬውን ያጠቆረበትንና ያልነካውን ለይተው በስልካቸው መዝግበዋል። የየዛፉ ፍሬ ለየብቻ ተለቅሞ ይቀመጣል፤ ለዘር የሚሰጠው ግን ካልታመመው የተለቀመው ብቻ ነው። ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ደግሞ ዛፍ አይቶ መለየት አይቻልም፤ ሁሉም አረንጓዴ ነው።

ለቀማው አልቆ አንድ ቀን ከሰዓት ወዳጄ ዘንድ ሳለሁ ደወሉለት፤ ድምፁን ለሁለታችን ከፈተው።

«ያ ኢልማ፣ ልጄ፣ አንድ መስመር ላጠፋ ብዬ ሁሉንም መረጥኩ መሰለኝ። ‹የተመረጡት ይሰረዙ?› ይላል።»

«አብሽሩ፣ ሐጂ። እንዳይሰረዙ ይንገሩት» አለ ወዳጄ።

«በምን ልንገረው? ሁለት ቁልፍ ነው ያለው። አንዱ ‹ሰርዝ› ይላል።»

«ሌላውስ?»

«‹ሰርዝ›።»

ተያየን። አንዱ ሰርዝ «አጥፋቸው» ነው፤ ሌላው «ማጥፋቱን ተወው»። በአማርኛ ስምም ይሰረዛል፣ ቀጠሮም ይሰረዛል። ተርጓሚው ቃላቱን ለየብቻ ሲያያቸው አልተሳሳተም። ጎን ለጎን ያያቸው ግን የለም።

«የግራውን ይጫኑ» አለ ወዳጄ፣ የራሱን ኮምፒውተር እያየ።

«ምን ግራ አለው? አንዱ ላይ ነው፣ አንዱ ታች!» የስልካቸው ስክሪን ጠባብ ስለሆነ ቁልፎቹ ተደራርበዋል።

«እንግዲያው ምንም አይንኩ!»

«ደግሞ ‹ሰርዝ› ይለኛል፣ እንደ ትንሽ ልጅ። ‹ይሰርዙ› ቢል ምን ይጎድልበታል?»

«ሐጂ፣ ገጹን ይዝጉት።»

«መዝጊያውን ሸፍኖታል፣ ወላሂ። ቆይ፣ የታችኛውን ነካሁት።»

«ምን አለ?»

«‹ተሳክቷል› አለ። አልሃምዱሊላህ!»

ወዳጄ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። የተረፈን መጠባበቂያ ቅጂ ከክረምቱ በፊት የተወሰደ ነበር። ዛፎቹ ነበሩበት፤ የታመመው ከጤነኛው የሚለይበት ምልክት ግን አልነበረበትም። ሁሉም መጥፋቱን ሲነግራቸው አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለን ነበር።

«ጥቂቶቹን ዛፎች በዓይኔ አውቃቸዋለሁ፤ ዘራቸው ግን ለሁሉ አይበቃም» አሉ። «ለቀሩት ገበሬዎች የየትኛውን ዛፍ ዘር ልስጥ?»

ከዘንድሮው ችግኝ በሽተኛው የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ፣ ሲያፈራ ነው። ያን ጊዜ ገበሬው የሚራገመው ሐጂን እንጂ ቁልፉን አይደለም።

የራሳችንን ገጽ በማግስቱ አስተካከልን። አንዱ ቁልፍ «ይጥፋ»፣ ሌላው «ይቅር» ይላል። ሽማግሌን አያንጓጥጥም፣ ሴትን እንደ ወንድ አያዝም። እርማቱን ለጋራው ክምችትም ላክሁ፤ ብዙ ሌሎች ገጾች ቃላቸውን የሚቀዱት ከዚያ ነውና። ሌላ አማርኛ ተናጋሪ ካላረጋገጠው አይጸድቅም የሚል መልስ መጣ።

ለሁለት ምሁራን አሳየሁ። አንዱ «‹ይቅር› የንስሐ ቃል ነው» ብሎ መለሰልኝ። ሌላው ጉዳዩ ጥናት ይፈልጋል አለና ስለ አማርኛ መዳከም ወደሚናገርበት ስብሰባ ሄደ። ስንት ሚሊዮን ነን እያልን እንፎክራለን፤ ሁለተኛ ሰው ግን ጠፋ። «ሁለት ሰርዝ» ዛሬም እዚያው ተቀምጦ ሌላ ሐጂ ይጠብቃል።

እርስዎ ይህን ያነበቡት፣ ሁለተኛው ሰው ይሁኑ። ዛሬውኑ ወደ ጋራው ክምችት ይግቡና እርማቱን ያጽድቁት።