የአያ ታከለ ደም

ጋዜጠኝነት የጀመርሁት በዘጠናዎቹ ዓመታት፣ እስራኤል አገር ናታንያ ከተማ ውስጥ፣ በሳፒር የኢንዱስትሪ ቀጠና ከአንድ የበር ፋብሪካ በላይ ባለች ክፍል ነው። ከኢትዮጵያ ለመጣን ለእኛ ለቤተ እስራኤል ሰዎች በአማርኛ የሚታተም ትንሽ ጋዜጣ ነበረን። አዘጋጇ እትዬ አበራሽ ነበሩ። ዘጋቢው እኔ ነበርሁ።

በመጀመሪያው ቀን አዲስ ደብተርና ሦስት እስክሪብቶ ይዤ ደረስሁ። እትዬ አበራሽ አዩኝና "ሦስት? አንዱ ለምሳህ ነው?" አሉ።

ወንበሩን ሳላሞቀው አባ ወርቁ ገቡ። የከተማው የነቬ ኢታማር ሰፈር ነዋሪ ናቸው። ታላቅ ወንድማቸው አያ ታከለ አዲስ አበባ ላይ የእስራኤል መግቢያ ፈቃድ ሲጠብቁ ኖረው አርፈዋል። ፈቃዱ የደረሰው ባረፉ ማግስት ነው። ቤተሰቡ አስከሬናቸውን አምጥቶ እዚህ ሊቀብር ተነሥቷል። አየር መንገዱ ግን እንዳይበሰብስ መድኃኒት ያልገባበት አስከሬን አልጭንም ብሏል።

"መድኃኒቱን ሲያስገቡ ደሙን ያፈሱታል አሉኝ" አሉ አባ ወርቁ። "እዚህ የሚቀብሩት የአይሁድ ቀብር ማኅበር ሰዎች ደግሞ ደም የሰው አካል ነው፣ አብሮ ይቀበራል ይላሉ። አያ ታከለ ስንት ዓመት ጠብቆ ጎደሎ ሆኖ ሊገባ ነው? እናንተ የምታውቁ ናችሁ፣ ንገሩኝ።"

እትዬ አበራሽ ወደ እኔ ጠቆሙ። "ይኸ ልጅ ይነግርዎታል። ሦስት እስክሪብቶ አለው።"

በአውቶቡስ አጠገባችን ወዳለችው ኤቨን የሁዳ ከተማ ሄድሁ። ወደ ውጭ አገር የሚላኩ አስከሬኖችን ሲያዘጋጅ የኖረ አንድ ጡረተኛ እዚያ ነበር። የሎሚ ዛፉን እየገረዘ አስረዳኝ። አስከሬኑ ይታጠባል። አንገት ላይ ደም ቅዳው ይከፈትና ቀጭን ቱቦ ይገባል። ፎርማሊን የተቀላቀለበት ውሃ በፓምፕ ይገፋል፤ ደሙ በደም መልሱ በኩል ይወጣል።

"ስለዚህ አይበሰብስም?" አልሁ።

"ይዘገያል እንጂ! እኔ የፈርዖን ሠራተኛ አይደለሁም። ቤተሰቡ እስኪደርስ ነው።"

"ደሙስ?"

"ወደ ፍሳሹ ይሄዳል። አስቀምጥልን ያለ ካለ አስቀምጥለታለሁ።"

ይህንንም በጥንቃቄ ጻፍሁ።

ተመልሼ ዘገባውን ሠራሁ። ቱቦው፣ ፓምፑ፣ ፎርማሊኑ፣ ምንም አልቀረም። እትዬ አበራሽ እስከ መጨረሻው አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

"ጥሩ ነው። ለመሆኑ የአያ ታከለ ተሠርቷል ወይስ ገና ነው?"

"አልጠየቅሁም።"

"ታዲያ ይህን የጻፍኸው ለማን ነው? ለሎሚው ዛፍ?" ስልኩን ወደ እኔ ገፉት።

አዲስ አበባ፣ አስከሬኑ ባለበት ሆስፒታል ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠሩት አቶ ኃይሉ የሚባሉ ሰው ነበሩ። መስመሩ በሦስተኛው ሙከራ ገባ። ስማቸውን ነግረው፣ የአያ ታከለ አስከሬን ገና አሁን ከማቀዝቀዣ መውጣቱንና ጓንት ሊያጠልቁ መሆናቸውን ነገሩኝ። የአባ ወርቁን ጭንቀት አስረዳኋቸው።

"ደሙን ላክልን ነው የምትለኝ?"

"ከእሳቸው ጋር፣ በሳጥኑ ውስጥ፣ ታሽጎ።"

"ሰው ሰዓቱን ላክልን፣ ቀለበቱን ላክልን ይላል። ደሙን ያለኝ አንተ ነህ" ብለው ሳቁ። "እሺ። ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ልፈልግ።"

ሳጥኑ በአራተኛው ቀን ደረሰ። የቀብር ማኅበሩ ሰዎች በመቃብር ስፍራው መታጠቢያ ክፍል ከፈቱት። ከአስከሬኑ እግር ሥር አንድ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ተጋድሟል፤ አፉ በሰም ታሽጓል። አንደኛው ሰው ግራ ገብቶት በዕብራይስጥ "ዘይቱ ምንድን ነው?" አለ። ለአባ ወርቁ ተረጎምሁላቸው።

አባ ወርቁ አንገታቸውን አስግገው በገመድ የታሰረችውን ወረቀት አነበቡ። "የአቶ ታከለ ደም። አይጣል" ትላለች።

"ዘይት አይደለም በለው" አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ፈገግ አሉ። "አያ ታከለ ቅባት የበዛበት አይወድም ነበር።"

የማኅበሩ ሰዎች እጃቸው በቃሬዛው ተይዟል። ጀሪካኑን የሚያነሣ ጠፋ። በእኛ ወግ በድን የነካ ሰው ሰባት ቀን ከሰው ተለይቶ ይቀመጣል። ስለዚህ የእኛ ሰዎች በሙሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። እኔ ብዙም ሳላስብ አነሣሁት፤ ጉድጓዱ ድረስም ተሸከምሁት። ከአያ ታከለ ጎን ተቀበረ።

በማግስቱ ቢሮ ስገባ ወንበሬ ኮሪደሩ ላይ ነበር። ሦስቱ እስክሪብቶዎች ተደርድረውበታል።

"እትዬ፣ እርስዎ እንዲህ ያለውን ነገር መች ያምናሉ?"

"አላምንም" አሉ ከውስጥ፣ በሩን ገርበብ እንዳደረጉ። "እናቴ ግን ታምናለች፤ ማታ ከማን ጋር ዋልሽ ትለኛለች። ሰባት ቀን ነው። ዘገባህን በበሩ ሥር አሳልፍልኝ።"

ዘገባውን እዚያው ከበር ፋብሪካው መጋዝ በላይ ተቀምጬ እንደገና ጻፍሁት። የአባ ወርቁ የሰባት ቀን ሐዘንና የእኔ ኮሪደር በአንድ ቀን አለቁ። በስምንተኛው ቀን አባ ወርቁ መጥተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"ሙሉ ሆኖ ገባ" አሉ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘገባ ጽፌአለሁ። መጀመሪያ የምጠይቀው ነገሩ ተሠርቷል ወይስ ገና ነው ብዬ ነው። ገና ከሆነ፣ ከመጻፌ በፊት እደውላለሁ።