የግመሏ የኋላ እግሮች

ልብስ ሰፊው ዘነበ አሥራ ሦስት ዓመት ቴአትር ሠርቶ አንድም ተመልካች አይቶ አያውቅም ነበር። ተመልካች ጠፍቶ አይደለም፤ ጅግጅጋ በሙሉ መጥታለች፣ የቀረ ቢኖር ያልተወለደ ብቻ ነው። ዘነበ የግመሏ የኋላ እግሮች ስለነበረ ነው።

«ግመሏ የማን ናት?» የሚለውን ኮሜዲ በ1989 ዓ.ም. ስምንት ሰዎች ከሥራ መልስ እየተሰበሰቡ በአፋቸው ፈጠሩት። ድርሰት የለውም። ሳቅ ያመጣ ሰው ያመጣበት ቦታ የራሱ ነው፣ ሌላ አይነካበትም። ሁለት ሰዎች በአንዲት ግመል ይካሰሳሉ፤ ግመሏ ሁለቱንም እምቢ ብላ ዳኛው ሽማግሌ ላይ ትተኛለች። ከጆንያ የሰፋት ዘነበ ነው። መሀል ላይ ብትተረተርስ ተባለና መርፌውን ይዞ ከኋላ ገባ። ከፊት ጎሚስታው ሮብሌ አለ። ሰው ከመግባቱ በፊት ሁለቱ ውስጥ ሆነው ይሰፋሉ፣ ሰው ከወጣ በኋላ ይተረተራሉ።

ሚስቱ ወለተሐና ስትሰማ፣ «የግመል ቂጥ ሚስት ልባል? እግሬ እዚያ አዳራሽ አይደርስም! ወሬውም እዚህ ቤት እንዳይነሳ!» አለች። አልተነሳም።

በመጀመሪያው ቀን ግን ሮብሌ በግመሏ አንገት ውስጥ ወደ ኋላ አንሾካሾከ።

«ዋሪያ፣ መጥታለች።»

«ወለተሐና?»

«ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ነጠላዋን ተከናንባ። በሳቅ ልትሞትብህ ነው።»

«ተው እንጂ!»

«እንዳትነግራት ታዲያ። ማወቅህን ካወቀች ትቀራለች።»

ከዚያ ወዲህ ዘነበ «መጥታለች?» ሳይል፣ ሮብሌም «መጥታለች» ሳይለው ግመሏ እግሯን አታነሳም። ባቢሌ ሄደው ሲያሳዩ እንኳ መጣች ተባለ። ዘነበ ቤቱ ሲመለስ ወለተሐና ሽሮ ስታማስል አገኛትና፣ የባቢሌ ሚኒባሶች ከመላእክት ይፈጥናሉ ብሎ በልቡ አደነቀ። ማመን ለሚፈልግ ሰው ሰባ ኪሎ ሜትር ምን አላት? ስትቆጣው ሁሉ ደስ ይለው ነበር፤ ተደብቃ የምታየው ሚስት አለችዋ!

በ2002 ሮብሌ ጉበቴን ብሎ ተኛ፤ ሳምንት አልሞላውም፣ ቀበርነው። የግመሏ አንገት ጎማ ጎማ ይሸት ነበርና ይታጠብ ሲባል ዘነበ እምቢ አለ። የሮብሌን ቦታ አብሮት ከተሰፋው ሰው ሌላ የሚወርሰው የለም ተብሎ ዘነበ ፊት ገባ። የፋርማሲው ሻፊ ከኋላ ሆነ።

መጋረጃው ሲከፈት ዘነበ በግመሏ አፍ ወደ ውጭ አየ። ሰው ሲገባ ተደርድሮ ሲወጣ የሚነሳው ወንበር ሁለት ረድፍ ነው። ከዚያ በኋላ ሰው ቆሞ ነው የሚያየው። ሦስተኛ ረድፍ የሚባል ነገር የለም።

ቤቱ ገብቶ የአሥራ ሦስት ዓመቱን ዝምታ ሰበረ።

«ወለተሐና፣ አንድ ቀን እንኳ መጥተሽ አይተሽኝ ታውቂያለሽ?»

«አልመጣም ብዬህ የለ? ቃሌን መቼ አጥፌ አውቃለሁ!» አለች፣ ኮራ ብላ። ፊቱን ስታይ ግን ማማሰያው እጇ ላይ ቀረ።

ሮብሌን መቆጣት ፈለገ፤ አቃተው። ሰውየው ጎሚስታ ነው፣ የተነፈሰ ነገር አይቶ ማለፍ አይችልም ነበር።

በሚቀጥለው ወር ዘነበ፣ «ማየት አልፈልግም» ብሎ ወደ ኋላው ተመለሰ፤ ሻፊ ፊት ገባ። መጋረጃው ተከፈተ። ግመሏ ቆማ ቀረች። ዘነበ ልማዱ አሸነፈው፦

«መጥታለች?»

«ማን?» አለ ሻፊ፣ ጮክ ብሎ።

ግመሏ ከሁለቱም ጫፍ ስትናገር አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በሩ አጠገብ ቆመን የምናይ የነበርን ተመልካቾች አንዲት ነጠላ የተከናነበች ሴት ከእኛ ጋር ስትስቅ አየን። ወለተሐና ነበረች። ስለ እሷ እየተጠየቀ መሆኑን በምን ታውቃለች? ስፌቱ ከመተርተሩ በፊት ሹልክ ብላ ሄደች።

ዘነበ ግመሏን አጣጥፎ ማዳበሪያ ውስጥ ከተታት፤ ኮሜዲው በዚያው ቀረ። እኛም ሻይ ቤት አስቀምጠን ነገርነው።

«ዘነበ፣ ያን ቀን ሚስትህ መጥታ ነበር።»

«ነጠላዋን ተከናንባ?»

«አዎ!»

«በሳቅ ልትሞት ነበር?»

«እናቴ ትሙት፣ በዓይናችን አየናት!»

እያንዳንዳችንን በተራ አየንና ፈገግ አለ።

«እናንተም እንደ ሮብሌ ደጎች ናችሁ» አለ። ቤቱ ገብቶም አልጠየቃትም።