ሁሉም ደህና ነኝ ያለበት ካርታ

ከዲንሾ በላይ ባለ መንደር አስተማሪ ሆኜ በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት፣ በበልጉ ዝናብ ከተራራው የወረደ ጎርፍ የገብሱን ማሳ በደለል ሞላው፤ ከብትም ወሰደ። ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ የሚኖሩ አባወራ ሁለቱንም በሬዎቻቸውን አጡ። ለመኸር ካላረሱ፣ ልጆቻቸውን ይዘው ለቀን ሥራ ሮቤ ከመውረድ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም።

ሮቤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ጓደኛዬ አንድ ፕሮግራም ሠራልን። አሠራሩ ቀላል ነው። ሰው ከተራ ስልክ አጭር መልእክት ይልካል፤ መልእክቱ ካርታ ላይ፣ በላኪው ቤት ቦታ፣ ነጥብ ይሆናል። ደህና የሆነ አረንጓዴ፣ የተቸገረ ቀይ። ሮቤ፣ ጎባና ገሰራ ያሉ የመንደሩ ዘመዶች ማን እርዳታ እንደሚሻ ለማወቅ ካርታውን በስልካቸው ያዩታል። የሰዉን ስልክ በትምህርት ቤቱ ሶላር ቻርጅ እያደረግኩ፣ ነገሩን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስረዳሁ። ሁሉም ላኩ።

ካርታውን ስከፍት መንደሩ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነበር። ጓደኛዬ ደውሎ፣ ጎርፉ የመታው ሌላ አገር ይሆናል ብሎ ቀለደብኝ።

አባወራው ዘንድ ሄጄ እንዴት ደህና ነኝ ብለው እንደላኩ ጠየቅኳቸው።

«ጠየቅከኝ፤ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?»

ጎረቤታቸው የሆኑ ሴት በአጥሩ በኩል ሰምተው ሳቁ። «መምህር፣ ሰውዬውን በራሱ አፍ ልታስለምነው ነው? ስለ እሱማ እኔን ጠይቀኝ።»

እዚህ አገር ሂርጳ የሚሉት ልማድ አለ፤ ከብት ላለቀበት ሰው ዘመድና ጎረቤት ከብት ያዋጣለታል። ይህን አውቅ ነበር። ተጎጂው ዝም እንደሚልና ሌላ ሰው እንደሚናገርለት ግን ልብ አላልኩም።

ጓደኛዬ ፕሮግራሙን ለወጠው፤ ከእንግዲህ ሰው ስለ ጎረቤቱ ብቻ ይልካል፤ ነጥቡም በጎረቤቱ ቤት ላይ ይወጣል። በማግስቱ መምህራኑ አንድ ስልክ ከበን፣ አረንጓዴዎቹ ነጥቦች በየተራ ሲቀሉ ቆመን አየን። የሴትየዋ ቤት ግድግዳ መፍረሱን የላኩት አባወራው ራሳቸው ነበሩ።

ብዙም ሳይቆይ የአባወራው ዘመዶች ከገሰራ ሁለት በሬ እየነዱ መጡ።

«ማን ነገራችሁ?» አሉ አባወራው።

እንግዶቹ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቋቸው ጀመር። ከአጥሩ ማዶ የቆሙት ሴትየዋ ፊታቸውን ወደ ተራራው አዞሩ።

የአባወራው ነጥብ ግን ቀይ እንደሆነ ቆየ። ሐምሌ ላይ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ሮቤ ሳለሁ፣ ካርታውን ከፍቼ ሳየው አረንጓዴ ሆኗል። መልእክቱ የመጣው ከጎረቤታቸው ነበር፤ «እያረሰ ነው» ይላል።